አምስት ለማለት ከአንድ መጀመር

አባቴ ስትሮክ ከመታቸው በአራተኛው ቀን አልጋቸው አጠገብ ተቀምጬ ሳለሁ፣ ወጣቱ ሐኪም አምስት ጣቶቹን ዘርግቶ «አባባ፣ እነዚህ ስንት ናቸው?» ብሎ ጠየቃቸው። አባቴ ጣቶቹን አተኩረው አዩ፤ ከንፈራቸው ተንቀሳቀሰ፤ ግንባራቸው በላብ ወረዛ፤ ከብዙ ትግል በኋላ የወጣው ግን ትርጉም የሌለው አንድ ድምፅ ብቻ ነበር። ዕድሜ ልካቸውን ከቁጥር ጋር የኖሩ የሒሳብ ሠራተኛ ናቸው። ሐኪሙ ምንም እንዳልተፈጠረ ሁሉ «እሺ፣ ከእኔ ጋር ይቁጠሩ፤ አንድ፣ ሁለት…» ብሎ ጀመረላቸው። «ሦስት፣ አራት፣ አምስት፣ ስድስት» እያሉ አባቴ ያለ አንዳች መሰናክል እስከ ዐሥር ዘለቁ። አምስትም በመካከሉ ጥርት ብላ አለፈች። ሐኪሙ ወዲያው ጣቶቹን መልሶ ዘረጋና «እነዚህስ?» አላቸው። አባቴ ዝም አሉ፤ ከዚያም በግራ እጃቸው ፊታቸውን ሸፈኑ።

ያን ቀን ይዤው የወጣሁት ጥያቄ እነሆ ሁለት ዓመት ሙሉ አልለቀቀኝም። አምስት የምትባለው ቃል ከአባቴ አንጎል ጠፍታለች ወይስ አለች? ጠፍታ ከሆነ ከአራት ቀጥላ ከየት መጣች? ካለችስ ብቻዋን ስትጠራ ለምን አቤት አትልም? በልጅነቴ የተማርኩበት የሳይንስ መጽሐፍ በቀለማት የተከፋፈለ የሰው ጭንቅላት ነበረበት፤ አንዱ ቀለም የእንቅስቃሴ፣ ሌላው የእይታ፣ ሌላው የንግግር ተብሎ ተጽፎበታል። የቤት ፕላን የሚመስል ሥዕል ነው። በዚያ ሥዕል መሠረት አንድ ክፍል ሲፈርስ በውስጡ ያለው ዕቃ ሁሉ አብሮ መቀበር ነበረበት። የአባቴ አምስት ግን ከፍርስራሹ ሥር፣ ሰልፍ ይዛ ስትመጣ ትወጣለች፤ ለብቻዋ ስትጠራ አትወጣም።

አማርኛችን የራሱ የሰውነት ካርታ አለው። የምናስተውልበትን ነገር «ልብ» እንላለን፤ አስተዋዩ ልባም ነው፣ የሚዘነጋው ልበ ቢስ ነው፤ ርኅራኄ አንጀት ውስጥ ይኖራል፤ ምስጢርና ቂም ሆድ ውስጥ ይቀመጣሉ፤ ለአንጎል የተረፈው «ናላዬ ዞረ» በምንልበት ጊዜ መዞር ብቻ ይመስላል። በዚህ ብቻችንን አይደለንም። የጥንት ግብፃውያን አስከሬን ሲያደርቁ ልብን በክብር ቦታው ሲተዉት፣ አንጎልን ግን በአፍንጫ በኩል ስበው አውጥተው ይጥሉት ነበር፤ አሪስጣጣሊስም አንጎል ከልብ የሚመጣውን ሙቀት ማብረጃ እንደሆነ አስተምሯል። የሚገርመው በዚያው በግብፅ ምድር፣ ከክርስቶስ ልደት በፊት 1600 ገደማ የተገለበጠና 48 የጉዳት ዓይነቶችን የሚዘረዝር አንድ የሕክምና ፓፒረስ፣ ራሱ ላይ ቆስሎ መናገር ስለተሳነው ሰውና አንድ እግሩን እየጎተተ ስለሚሄደው ሰው ጽፎ መገኘቱ ነው። ሬሳ የሚያደርቀው ሰው ያላወቀውን፣ ቁስል የሚያክመው ሰው አውቆታል። ስለ አንጎል የምናውቀው አብዛኛው ነገር ከዚያ ወዲህም በዚሁ መንገድ፣ ማለትም ከተጎዳ ሰው አልጋ አጠገብ የተገኘ ነው።

አባቴን የነካቸው ጉዳት ሲነገር አጭር ነው። ለግራው የአንጎል ክፍል ደም ከሚያደርሱት የደም ሥሮች ትልቁ በረጋ ደም ተዘጋ። አንጎል ክብደቱ 1.4 ኪሎ ግራም ገደማ ነው፤ ይህም ከሰውነታችን ክብደት 2 በመቶ ብቻ ሲሆን፣ ሰውነታችን ዐርፎ ሳለ ከሚያወጣው ኃይል 20 በመቶ የሚሆነውን ግን እሱ ይወስዳል፤ የሚያጠራቅመው ስንቅ ስለሌለው ደም ለደቂቃዎች ሲቋረጥበት መሞት ይጀምራል። አንድ ትልቅ የደም ሥር ተዘግቶ ሕክምና ሳያገኝ በቆየባት በእያንዳንዷ ደቂቃ በአማካይ 1.9 ሚሊዮን የነርቭ ሕዋሳት እንደሚሞቱ ተሰልቷል። የረጋውን ደም የሚያሟሟው መድኃኒት በተለምዶ የሚሰጠው ሕመሙ ከጀመረ 4 ሰዓት ተኩል ሳያልፍ ነው። አባቴን ያገኘናቸው ጠዋት ከእንቅልፍ ሲነሡ ነበር። ሌሊቱን በስንት ሰዓት እንደጀመራቸው የሚያውቅ ሰው አልነበረም፤ እኔም ይህን ስጽፍ አሁንም ሰዓቱን እቆጥራለሁ።

ጉዳቱ በግራ ሆኖ የተንጠለጠለው ግን ቀኝ እጃቸው ነው። ከአንጎል ቅርፊት፣ ማለትም ከውጨኛው ሽፋኑ፣ ተነሥተው እጅና እግርን የሚያዙት የነርቭ ክሮች፣ አንጎል ከሕብለ ሰረሰር ጋር በሚገናኝበት ቦታ ላይ ሲደርሱ አብዛኞቹ፣ ከመቶ 85 እስከ 90 የሚሆኑት፣ ወደ ተቃራኒው ጎን ይሻገራሉ። እስከዚህ ድረስ ነገሩ ለመጽሐፉ ሥዕል ይመቻል። ፊታቸው ላይ ግን ሐኪሙ ያሳየኝ ነገር ሥዕሉን ማፍረስ ጀመረ። «አባባ፣ ግንባርዎን ወደ ላይ ይሸብሽቡልኝ» አላቸው፤ የግንባራቸው ሁለቱም ጎን ተሸበሸበ። «አሁን ደግሞ ጥርስዎን ያሳዩኝ» ሲላቸው የከንፈራቸው የግራ ጫፍ ተነሣ፣ የቀኙ ባለበት ቀረ። ግንባር ትእዛዝ የሚቀበለው ከሁለቱም የአንጎል ወገን ስለሆነ አንዱ ቢጎዳ ሌላው ይደርስለታል፤ የአፍ ዙሪያ ጡንቻዎች ግን በዋናነት የተቃራኒው ወገን ጥገኛ ናቸው። በማግስቱ የእህቴ ትንሽ ልጅ የአባቴን መነጽር ገልብጣ አድርጋ ከአልጋው ሥር ብቅ አለች። አባቴ ሳቁ። በሳቃቸው ጊዜ ሁለቱም የከንፈራቸው ጫፎች እኩል ተነሡ። ትናንት በትእዛዝ እንቢ ያለው የቀኝ ጎን፣ ዛሬ ማንም ሳያዘው ሳቀ።

ወደ ሐኪሙ ሮጬ ስነግረው አልደነቀውም። ሆን ብለን ጥርሳችንን ስናሳይ ትእዛዙ የሚወርደው ከእንቅስቃሴ ቅርፊት ነው፤ ከልብ ስንስቅ ግን ትእዛዙ ከውስጥ፣ ስሜትን ከሚያንቀሳቅሱ አካባቢዎች ተነሥቶ በሌላ ጎዳና ወደ እነዚያው ጡንቻዎች ይደርሳል። የአባቴ ጡንቻም ነርቭም ደህና ነበሩ፤ የተዘጋው አንዱ መንገድ ብቻ ነው። ለፎቶ የምንገደደው ፈገግታና እውነተኛው ፈገግታ ለምን እንደማይመሳሰሉ የገባኝም ያን ጊዜ ነው።

ስለ ንግግርና ስለ አንጎል የሚጽፍ ሁሉ ከፈረንሳዊው ሐኪም ከፖል ብሮካ ይጀምራል፤ እኔም ባልፈው ደስ ይለኝ ነበር፣ ግን አይታለፍም። በ1861 (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በፓሪስ አቅራቢያ በሚገኘው የቢሴትር ሆስፒታል 21 ዓመት የተኛ ሌቦርኝ የሚባል በሽተኛ ነበር፤ ለሚጠየቀው ሁሉ መልሱ «ታን፣ ታን» ብቻ ስለሆነ ስሙም ታን ሆኖ ቀርቷል። የሚነገረውን ይረዳ ነበር። ብሮካ ባገኘው በጥቂት ቀናት ውስጥ ሞተና አንጎሉ ሲታይ ግራው የፊተኛ ክፍል ተጎድቶ ተገኘ፤ የንግግር ቦታ ታወቀ ተባለ። በ1874 ጀርመናዊው ሐኪም ካርል ቬርኒከ ደግሞ ከዚያ ወደ ኋላ ባለ የግራ ጎን አካባቢ ጉዳት የደረሰባቸው ሰዎች በተቃራኒው ቃላት እንደ ጅረት እንደሚፈስላቸው፣ ነገር ግን የሚናገሩት ትርጉም እንደማይሰጥና የሚነገራቸውንም እንደማይረዱ ጻፈ። በመማሪያ መጻሕፍት ታሪኩ እዚህ ላይ ይዘጋል። እኔን የያዘኝ ግን ብሮካ ራሱ የመዘገበውና ብዙ ጊዜ የሚዘለለው ነገር ነው፤ ታን የፈለገውን ሰዎች ሳይረዱለት ቀርተው በጣም ሲናደድ፣ በፈረንሳይኛ አንድ ጥርት ያለ እርግማን ያመልጠው ነበር። ስሙን እንኳ መጥራት የማይችል ሰው፣ ሲቆጣ ሙሉ እርግማን ይናገራል።

ይህን ስም ሰጥቶ የመረመረው እንግሊዛዊው ሐኪም ጆን ሂውሊንግስ ጃክሰን ነው። ንግግር ያጡ ሰዎች መሐላ፣ እርግማን፣ ሰላምታ፣ ጸሎት፣ ቆጠራ ሲቀርላቸው ተመልክቶ፣ አዲስ ሐሳብ ለመግለጽ የምንሠራውን ንግግርና በልማድ ተሰልፎ የሚወጣውን ንግግር ለይቶ አስቀመጠ። ከዚህም በላይ በ1874 የተናገረው አንድ ነገር አለ፤ ንግግርን ያጠፋውን ጉዳት ቦታ ማመልከትና የንግግርን ቦታ ማመልከት ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው አለ። ይህን ባነበብኩ ቀን መጽሐፉን አጥፌ ለረጅም ጊዜ ተቀመጥኩ። ድልድይ ሲሰበር ገበያው ይቆማል፤ ገበያው ያለው ግን ድልድዩ ላይ አይደለም። የታን አንጎል በፓሪስ ሙዚየም ተጠብቆ ስለቆየ በ2007 ተመራማሪዎች በኤምአርአይ አይተውት ነበር። ጉዳቱ ብሮካ ከውጭ ካየው እጅግ ጠልቆ፣ የፊቱን ክፍል ከኋላው ጋር የሚያገናኙትን የነርቭ ክሮች እንደበጠሰ ታወቀ። በመቶ ዓመታት የሥዕል መጽሐፍ ላይ «የንግግር ቦታ» ተብሎ የተቀባው ቦታ ከተሰበረው ነገር ውስጥ የሚታየው ጫፍ ብቻ ነበር ማለት ነው።

እንዲህ ስል ቦታ ትርጉም የለውም እያልኩ አይደለም። በ1870 ፍሪችና ሂትዚሽ የተባሉ ሁለት ጀርመናውያን የውሻን የአንጎል ቅርፊት በደካማ ኤሌክትሪክ ሲነኩ በተቃራኒው ወገን ያለው እግር ይንቀሳቀስ ነበር። የአንጎል ቀዶ ሐኪሙ ዋይልደር ፔንፊልድ ደግሞ በካናዳ፣ ሞንትሪያል የሚጥል በሽታ ያለባቸውን ሰዎች ሳያስተኛ ቀዶ ያክማቸው ነበር፤ ቆዳና አጥንት ደንዝዘው ከተከፈቱ በኋላ አንጎል ራሱ ሕመም የሚሰማበት ነርቭ ስለሌለው ሰውየው እያወራ አንጎሉ ይነካል። ፔንፊልድ አንዱን ነጥብ ሲነካ አውራ ጣት ይነዝራል፣ ትንሽ ዝቅ ሲል ከንፈር። በ1937 ይህን ሁሉ ሰብስቦ ያሳተመው ካርታ አስቀያሚ ድንክ ሰው ይመስላል፤ እጁና ከንፈሩ ግዙፍ፣ ጀርባው ኢምንት።

ይህ ካርታ እውነት መሆኑን ማንም ቤቱ ተቀምጦ ሊያይ ይችላል። እኔ ከልጄ ጋር ሞክሬዋለሁ። የወረቀት መያዣ ሽቦ አቅንቼ ሁለቱን ጫፎች አራርቄ፣ ዓይኗን ጨፍና ሳለ የጣቷን ጫፍ በቀስታ ነካሁ፤ ጫፎቹ ሦስት ሚሊ ሜትር ብቻ ተራርቀው ሳለ «ሁለት» አለችኝ። ከዚያ ጀርባዋን ነካሁ። ሦስት ሳንቲ ሜትር ሳራርቃቸው «አንድ» አለች፤ ትንሽ ሳሰፋቸውም «አንድ ነው፣ አታታልለኝ» ብላ ተቆጣች፤ አራት ሳንቲ ሜትር ካለፍኩ በኋላ ነው «ሁለት» ያለችው። ጀርባችን ሰፊ ነው፤ በአንጎላችን ውስጥ ያለው መሬት ግን ከአንዲት ጣት ያነሰ ነው። ይህም ካርታ ቢሆን መታረሙ አልቀረም፤ በ2023 የታተመ ጥናት የእንቅስቃሴው ቅርፊት ከእግር እስከ አፍ ያልተቆራረጠ ሰልፍ እንዳልሆነ፣ በመካከሉ ሰውነትን በሙሉ የሚያቀናጁና ከዕቅድ ጋር የተያያዙ አካባቢዎች እንደተሰገሰጉበት አሳይቷል።

ማየት በጭንቅላታችን ኋላ መሆኑን ያረጋገጡት ጥይቶች ናቸው። በ1904 እና 1905 በሩሲያና በጃፓን ጦርነት ጊዜ የነበረው አዲሱ ጠመንጃ ጥይቱን በፍጥነት ቀጥ አድርጎ ስለሚያሳልፍ፣ ብዙ ወታደሮች ጭንቅላታቸው በጠባብ ቀዳዳ ተበስቶ ይተርፉ ነበር። ታትሱጂ ኢኖዬ የተባለው ጃፓናዊ የዓይን ሐኪም የጥይቱን መግቢያና መውጫ እየለካ፣ እያንዳንዱ ወታደር ከሚያየው ዓለም የትኛው ቁራጭ እንደጠፋበት አመሳክሮ ካርታ ሠራ። ሥራው ትክክል መሆኑ ያስደንቃል፤ የተገኘበት መንገድ ግን ይከብዳል። መተንፈስና የልብ ምት ፍጥነት ከአንጎል ግንድ ይታዘዛሉ፤ ረኃብ፣ ጥማት፣ የሰውነት ሙቀትና የእንቅልፍ ሰዓት ደግሞ ከጥቂት ግራም በማይበልጠው ሃይፖታላመስ። ስለ እነዚህ ብዙ አልልም፤ ሲሠሩ አናውቃቸውም፣ ሳይሠሩ ሲቀሩም ብዙ ጊዜ የሚተርክ ሰው አይተርፍም።

ስለ ትንሹ አንጎል፣ ሐኪሞች ሰርቤለም ስለሚሉት፣ ግን ዝም ማለት አይሆንልኝም። ከኋላ ሥር ተደብቆ የሚገኝ፣ ከጠቅላላው ክብደት አንድ ዐሥረኛ ብቻ የሆነ ነገር ነው፤ በ2009 የወጣው ቆጠራ እንዳሳየው ግን ከ86 ቢሊዮን ገደማ የአንጎል የነርቭ ሕዋሳት 69 ቢሊዮን የሚሆኑት የሚኖሩት እዚያ ነው። የምናስብበት የምንለው ታላቁ ቅርፊት 16 ቢሊዮን ብቻ አለው። የትንሹ አንጎል ሥራ እንቅስቃሴን ማለስለስ፣ ሊመጣ ያለውን አስቀድሞ መገመት ነው። ራሳችንን መኮርኮር የማንችለው፣ እጃችን ከመድረሱ በፊት ትንሹ አንጎል የሚሰማንን አስቀድሞ ገምቶ ስለሚያደበዝዘው ነው። በ2014 ደግሞ በቻይና አንዲት የ24 ዓመት ሴት ያለ ትንሹ አንጎል ተወልዳ እንደኖረች ተዘግቧል፤ ዘግይታ፣ በ7 ዓመቷ መራመድ ብትጀምርና እርምጃዋ ባይረጋም፣ ትራመድ ነበር፣ ትናገር ነበር። የቤት ፕላኑን ሥዕል ይዞ ይህችን ሴት ማስረዳት አይቻልም።

ወደ አባቴ አምስት ይበልጥ ያቀረበኝ ግን በሕይወት ሳለ ኤች ኤም በሚሉ ፊደላት ብቻ ይታወቅ የነበረው ሄንሪ ሞሌይሰን ነው። በ1953፣ በ27 ዓመቱ፣ የሚጥል በሽታውን ለማስታገስ ሲባል ሂፖካምፐስ የተባለውን የባሕር ፈረስ የመሰለ አካል ከነአካባቢው ከሁለቱም ወገን አወጡለት። በሽታው ቀለለ፤ ከዚያ ወዲህ ግን አዲስ ነገር ማስታወስ አልቻለም። ብሬንዳ ሚልነር የተባለችው ተመራማሪ በመስታወት ውስጥ ብቻ እያየ ኮከብ እንዲሥል ሰጠችው፤ የሞከረው ሁሉ የሚያውቀው ከባድና የሚያናድድ ሥራ ነው። ሦስት ቀን አሠራችው። በየቀኑ ሥራውን ከዚህ በፊት ሠርቶት እንደማያውቅ ይናገር ነበር፤ እጁ ግን በየቀኑ እየተሻለው ሄደ። እሱ ረሳ፣ እጁ አልረሳም። ትውስታ አንድ ነገር እንዳልሆነ፣ «አውቃለሁ» የምንለው ነገር በአንጎል ውስጥ በተለያየ ቦታ በተለያየ መንገድ እንደሚኖር የታወቀው ከዚህ ነው።

የአባቴም ሁለት አምስቶች እንዲሁ ናቸው። አንደኛዋ ጣት አይተን፣ ብዛቱን አስበን፣ ስሟን ፈልገን የምናመጣት አምስት ናት፤ እሷ በግራው ክፍል በኩል ማለፍ ነበረባት፣ መንገዱ ተዘግቷል። ሁለተኛዋ ከአራት ቀጥላ የምትመጣ፣ በልጅነት በቃል ከተያዘ ሰልፍ ውስጥ የማትነጠል አምስት ናት። ይህን ሰልፍ በማንቀሳቀስ ረገድ በአንጎል ጥልቀት የሚገኙት የልማድ እንቅስቃሴ ማዕከላትና ያልተጎዳው የቀኙ ወገን ድርሻ እንዳላቸው ይታሰባል። ሁለቱ በአፍ ሲወጡ አንድ ዓይነት ድምፅ ናቸው፤ የሚመጡበት ግን ለየብቻ ነው።

እዚህ ላይ ስለ ፊኒያስ ጌጅ እንድጽፍ የሚጠብቅ አንባቢ ይኖራል። በመስከረም 1848 (በአውሮፓውያን አቆጣጠር) በአሜሪካ ቨርሞንት ግዛት 6 ኪሎ ግራም የሚመዝን የብረት ዘንግ በጉንጩ ገብቶ በአናቱ የወጣበትና የተረፈው የባቡር ሐዲድ ሠራተኛ ነው። ከዚያ በኋላ ጠባዩ ተለውጦ ተሳዳቢና የማይጨበጥ ሰው ሆነ ይባላል፤ የፊተኛው አንጎል የጠባይ መቀመጫ ለመሆኑም ምሳሌ ሆኖ ይቀርባል። እኔም ስተርከው ኖሬያለሁ፤ አሁን ግን አፌ ይያዛል። ይኸው «የተበላሸ» ሰው ኋላ ወደ ቺሊ ሄዶ ለዓመታት ባለ ብዙ ፈረስ የመንገደኞች ሠረገላ ነድቷል፤ ይህም ትዕግሥት፣ ዕቅድና ከሰው ጋር መግባባት የሚጠይቅ ሥራ ነው። ብረቱ የወሰደበትን ሁሉም ጻፈ፤ ቀስ በቀስ የመለሰውን የጻፉት ጥቂቶች ናቸው። ከአንጎላችን 10 በመቶውን ብቻ እንጠቀማለን የሚለውን ወሬና ሰዎችን «የግራ አንጎል»፣ «የቀኝ አንጎል» ብሎ መክፈልንም እንዲሁ ጆሮዬ አልቀበልም ብሏል። ትርፍ 90 በመቶ ቢኖር ኖሮ የአባቴን የደም ሥር የዘጋው የረጋ ደም አንድ ጊዜ እንኳ ባዶ ቦታ ላይ ባረፈ ነበር።

አባቴ በሳምንት ሦስት ቀን ከንግግር ባለሙያ ጋር ሠርተዋል። በመጀመሪያ በዜማ ነበር፤ «ውኃ ስጡኝ» ማለት ያልቻሉትን፣ ባለሙያዋ በግራ እጃቸው ጠረጴዛውን እያስመታች በዜማ ስታስይዛቸው ይሉት ጀመር። ከጉዳቱ ዙሪያ የተረፉት ሕዋሳት አዲስ ግንኙነት ይፈጥራሉ፤ የመጀመሪያዎቹ ወራት ለውጡ የሚፈጥንባቸው ናቸው፤ ከዚያ ያዘግማል እንጂ አይቆምም። ስሜን በስምንተኛው ወር ጠሩኝ። ቀኝ እጃቸው ማንኪያ ይይዛል፣ እስክሪብቶ ግን ገና ነው።

ባለፈው ሳምንት ማታ መድኃኒታቸውን ላቀርብላቸው ሄጄ «የማታው ስንት ነበር?» ብዬ ጠየቅኋቸው። ወዲያው አልመለሱልኝም። ጉልበታቸው ላይ ያለው የግራ እጃቸው አውራ ጣት ከሌሎቹ ጣቶች ጋር በየተራ ሲነካካ፣ ከንፈራቸውም ያለ ድምፅ ከአንድ ጀምሮ ሲወጣ አየሁ። ከዚያ ቀና ብለው «አምስት» አሉ፤ አቆጣጠራቸውን አይቼባቸው እንደሆነም ፊቴን መረመሩ። እኔ የመድኃኒቱን ጽሑፍ የማነብ መሰልኩ።